እንዳይድን የጠበቅነው ቁስል

በእኛ ቤት ሥጋ ቶሎ ይገጥማል። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት ነው፤ አልደብቅም። እናቴ እንደዚያ ነበረች፣ እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። ቢላ ቢቆርጠኝ በሦስተኛው ቀን ደርቆ አገኘዋለሁ። አንድ ጊዜ የስፌት መኪና መርፌ ጣቴን በስቶ በጥፍሬ በኩል ወጥቷል፤ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬበት ሥራዬን ቀጠልኩ እንጂ የሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ግራ ክንዴ ላይ በልጅነቴ የከሰል ካውያ ያሳረፈብኝ ጠባሳ አለ፤ ከቆዳዬ ከፍ ያለ፣ ጣት የሚያክል፣ የሚያብረቀርቅ። ጆሮዬን የተበሳሁበትም ቦታ ሽንብራ አክሎ ጠጥሯል። አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "ሥጋዬ ትጉህ ነው" እል ነበር። ይኸው ትጉህ ሥጋ ዓይኔን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም ነበር።

ስፌት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐዋሳ ምሥራቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ሁለት የስፌት መኪና የምትይዝ ክፍል አለችኝ። አንደኛው ላይ እኔ እቀመጣለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ባልደረባዬ። እሷ ከሐይቁ ዳር ከቡሹሎ የመጣች የሲዳማ ልጅ ናት፤ በሃያ ዓመት ታንሰኛለች፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ የሲዳማ ደንበኞቻችንን በቋንቋቸው እያሳቀች ልክ ትወስዳለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። በሃይማኖት እንጎሻሸማለን እንጂ ተጣልተን አናውቅም። በጾም ወራት ምሳዋን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትበላለች። የሥጋ ወጡ ሽታ ሲደርሰኝ "አሁን ይኼ ከፈተና በምን ይለያል?" እላታለሁ፤ እሷ ትስቃለች።

ጉዱ የወጣው በግንቦት ወር ነው። አንድ ጣቃ ጨርቅ ገበታው ላይ ስዘረጋ ብናኝ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማንም ሰው እንደሚያደርገው በመዳፌ ሸፍኜ አሸሁት። ያን ጊዜ ክፍሏ ጠፋች። መኪናው የለም፣ ጨርቁ የለም፣ ባልደረባዬ የለችም፤ በበሩ በኩል የሚመጣ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ብቻ ቀረ። እጄን ሳነሣ ሁሉም ተመለሰ። ደግሜ ሸፈንኩ፤ ደግሞ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩትና ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ። ግራ ዓይኔ ሞቷል፤ መቼ እንደሞተ እንኳ አላውቅም። አላመመኝም፣ አልቀላም፣ ውኃም አልቋጠረም። እኔ ክር በመርፌ ስሰካ የኖርኩት ለካ በአንድ ዓይን ነው።

ባልደረባዬ በማግሥቱ ባጃጅ ጠርታ፣ እየጎተተችኝ ማለት ይቀላል፣ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ገና ከመግባቴ "እማማ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እማማ የምባልበት ዕድሜ መስሎ አልታየኝም፤ ግን ዓይኔ በእጇ ነውና ዋጥ አደረግኩት። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በብርሃን መረመረችኝ፣ ግፊቱን ለካች፣ ነጠብጣብ መብራት ሲበራ ቁልፍ ተጫኚ የሚባልበትን ፈተናም ፈተነችኝ። ግላኮማ ነው አለች። ግራውን መመለስ እንደማይቻል ሳታሽሞነሙን ነገረችኝ። ቀኙም ከዳር ከዳር መሞት ጀምሯል፤ መሐሉ ግን ገና ደህና ነው። "ያለዎት እሱ ብቻ ነው፤ እሱን እንጠብቅ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማስበው ስለዚያ አንድ ዓይን ብቻ ሆነ። እሱ ከሄደ መኪናዬም ሄደ፣ እንጀራዬም ሄደ፣ ከሱቄ ተነሥቼ ቤቴ ድረስ ያለ መሪ መግባትም ቀረ።

እንዴት እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓይን ውስጥ ንጹሕ ውኃ አለ አለች፤ ሁልጊዜ ይመነጫል፣ ዳር ላይ ባለ ወንፊት በመሰለ ስስ ሥጋ እየተጣራ ይወጣል። የእኔ ወንፊት ደድሯል። ቁስል ሳይነካው፣ ምንም ሳይመታው፣ ሥጋው እንደ ጠባሳ ወፍሮና ጠንክሮ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ይጫናል፤ ግፊቱም ከኋላ ያለውን የማያ ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ያለ ቁስል ጠባሳ ይኖራል እንዴ ብዬ ተከራከርኳት። በአንዳንድ ሰው ይሆናል፣ ዕድሜም አለበት፣ በዘርም ይመጣል፣ ሁሉም ነገር ደግሞ ገና ተለይቶ አልታወቀም አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ ክንዴ ላይ አረፈ። የካውያውን ጠባሳ አየች፣ ጆሮዬን አየች፣ መዝገቧ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። እኔ ደግሞ ምን ተዳዬ፣ ሥጋዬ ትጉህ እንደሆነ በኩራት ነገርኳት። አልሳቀችም።

ሁለት ወር በጠብታ ተሞከረ፤ ግፊቱ አልወርድ አለ። በሐምሌ ኦፕራሲዮን ተባለ። የተዘጋውን ወንፊት ትታ ከቀኝ ዓይኔ የላይኛው ቆብ ሥር፣ ከነጩ ላይ፣ ለውኃው ሌላ መውጫ እንደምትከፍትለት አስረዳችኝ። ይኼማ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ነው አልኳት። ቢሰፋ ቁልፉ ያመልጣል፣ ቢጠብ አይገባም፤ ጠርዙን አስተካክሎ መያዝ ነው። በሕይወቴ የቁልፍ ቀዳዳ ስንት እንደሠራሁ እግዜር ይቁጠረው፤ ስለዚህ ሥራው ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሐኪሟ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

"ጨርቅ ሰው ካልሰፋው አይገጥምም። ሥጋ ግን ማንም ሳይሰፋው ይገጥማል። የእርስዎ ደግሞ ይቸኩላል።"

እስከ ዛሬ የምኮራበት ነገር ጠላቴ ሆኖ ቁጭ አለ። መውጫው ላይ ጠባሳ ከሠራ ተመልሶ ይደፈናል፤ ከተደፈነ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከጨመረ ያቺ አንዷ ዓይን ትሄዳለች። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ላይ ሥጋው እንዳይቸኩል በሚያደርግ መድኃኒት ትነክረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሳምንታት፣ ከእንቅልፌ ከነቃሁ ጀምሮ እስክተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ ቁስሉን የሚያዘገይ ጠብታ ማድረግ አለብኝ። ለቁስል መድኃኒት ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ቁስል እንዳይድን መድኃኒት ሲታዘዝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ያማረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ቆቤን ገልጣ ከሥሩ ትንሽ የውኃ እብጠት ስታይ ፊቷ በራ። ውኃው እየወጣ ነው፤ ግፊቱም ወርዷል። ከዚያ ጠያቂ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ማለት ነው። ገንፎ የያዘች አለች፣ አብሽ ያሸች አለች፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ሾርባ ያመጣችም አለች፤ ሁሉም ለቁስል የሚሆን ነው። ሲወጡ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው "እግዜር ቶሎ ይግጠምልሽ" ይሉኛል። አንድ ሁለት ቀን አሜን አልኩ። በሦስተኛው ቀን መረረኝና "ኧረ እባካችሁ አይግጠም በሉልኝ" አልኳቸው። መድኃኒቱ ራሷ ላይ ወጣ ብለው ተያዩ። ማስረዳት ሰልችቶኝ ገንፎውን በላሁ።

ጠብታውን ጠዋት ማለዳና ማታ እኔው አደርገዋለሁ፤ ሱቅ ከገባን በኋላ ግን ሥራው የባልደረባዬ ነበር። አንገቴን ወደ ኋላ ይዛ፣ ቆቤን በአውራ ጣቷ ገልጣ፣ አንዲት ሳታፈስ ታደርግልኛለች። ጠብታው መራራ ነው። ዓይን ውስጥ ቢገባም ከደቂቃ በኋላ ጉሮሮ ላይ ይመጣል፤ ምራቅ ስውጥ እሱንም እውጠዋለሁ። ይኼ ምሬት ነው ጣጣ ያመጣብኝ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ሆነ። ፍልሰታን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድም ዓመት አላጎደልኩም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ጉሮሮዬ ድረስ የሚመር ነገር እየዋጥኩ ጾምኩ ልል ነው? ለራሴ እንዲህ አልኩ። የንስሐ አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኳቸውም፤ እውነቱን ልናገርና፣ አድርጊው እንደሚሉኝ አውቅ ስለነበር ነው ያልጠየቅኳቸው። መጾም አማረኝ። የዳንኩ መሰለኝ። ዓይኔ አይቀላም፣ አያመኝም፣ ያየኝ ሁሉ "ምንም የነካሽ አትመስዪም" ይለኛል። ሥጋዬም እንደ ልማዱ ያኮራኝ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ባልደረባዬ ጠርሙሱን ስትጠይቀኝ ቤት አድርጌ ነው የመጣሁት አልኳት። በአራት ሰዓት ስትጠይቀኝ አሁን ራሴ ለመድኩት ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁና በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን እየጠራረግኩ ወጣሁ። በስድስት ሰዓትም እንደዚያው፤ ከዚያ ወደ ቅዳሴ እሄዳለሁ። ማታ ቤት ስገባ የጎደለውን ላካክስ ብዬ እነሣለሁ፤ ድካሙ ይጥለኝና አንዲት ወይ ሁለት አድርጌ እተኛለሁ። እንዲህ እያልኩ ዐሥራ አምስቱ ቀን አለቀ። በመጨረሻዎቹ ቀናት በስፌት መኪናዬ መብራት ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ነገር ማየት ጀምሬ ነበር። አምፖሉ ነው አልኩና አምፖል ቀየርኩ።

ከጾሙ መፍቻ በኋላ ለቀጠሮ ሄድን። ሐኪሟ ግፊቱን ለካች፣ ደግማ ለካች። ሠላሳ ሁለት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወደነበረበት ልክ ተመልሷል ማለት ነው። ቆቤን ገልጣ ስታይ እብጠቱ ጠፍጥፏል፤ ከሥሩ ጠባሳው እንደ ሸረሪት ድር እየዘረጋ መውጫውን እየሸፈነው ነው። ጠብታውን በስንት ሰዓት ልዩነት እንደማደርግ ጠየቀችኝ። በየሁለት ሰዓቱ አልኩ። ሳላፍር። ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ አነሣች፣ ጠርሙሱን አወጣች፣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ቀና አድርጋ ያዘችው። ካለፈው ሳምንት በፊት ማለቅ የነበረበት ጠርሙስ ገና ግማሽ ነበር።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባልደረባዬ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እትዬ፣ እኔ እኮ በየሁለት ሰዓቱ ስጠይቅሽ የነበረው ለቀልድ አልነበረም" አለችኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ጾሙን፣ ምሬቱን፣ መጋረጃውን። ሐኪሟ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጠባሳው ገና ለጋ ስለሆነ አሁኑኑ ከተነካ ተስፋ አለ፤ ከጠና ግን መውጫው አበቃለት፣ ሌላ ኦፕራሲዮን ይህ ዓይን ይችለዋል ብዬ አልምልልዎትም አለችኝ።

እዚያው አስተኛችኝና ዓይኔን አደነዘዘችው። በምንድን ነው የምትነኪው ብዬ ጠየቅኳት። በመርፌ አለችኝ። ከነበርኩበት ጭንቅ መሐል ሳቅ አመለጠኝ። እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ አሳየችኝ። እኔ ለሐር ከማወጣት መርፌ የቀጠነች፣ ጫፏ እንደ ቢላ የሳለ። ከዚያ ከቆዳው ሥር አስገብታ የጠባሳውን ክሮች አንድ በአንድ ስትበጥስ ተሰማኝ፤ አያምም፣ ግን ይታወቃል። ስፌት ስትተረትሪ እጅሽ ላይ የሚሰማሽ እርግፍ እርግፍ የሚል ነገር አለ፤ ልክ እሱ ነው። እኔ መተርተር እጠላለሁ፤ የተሳሳተ ሰው ሥራ ነው። ያን ቀን ግን በልቤ ተርትሪው እናቴ፣ አንድም ክር እንዳታስቀሪ እላለሁ። ስትጨርስ አጠገቡ መድኃኒት ወጋችበት፤ ትንሽ ቆይታ ለካች። ዐሥራ አንድ። ባልደረባዬ በቋንቋዋ አምላኳን አመሰገነች፤ እኔ ድንግልን አመሰገንኩ፤ ሐኪሟ ገና ነው፣ ሥጋዎ ነገም ሊገጥም ይነሣል አለችን።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት የንስሐ አባቴ ዘንድ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከቀሚሳቸው ኪስ የደም ብዛት ክኒናቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ በጾምም በፍስክም ጠዋት ጠዋት የሚውጧት ናት።

"ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም። ውሸት ግን ይሽራል። ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስትበዪ ነው የሰነበትሽው።"

ንስሐዬን ሰጡኝና ከሁሉ አስቀድሜ ባልደረባዬን ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ጠየቅኳት። ይቅርታውን የሰጠችኝ በቅጣት ነው። ስልኬን ተቀበለችና በየሰዓቱ እንዲጮህ አደረገችው፤ ሐኪሟ ከመርፌው በኋላ በየሰዓቱ ብላ ነበር። የሚጮኸው ደግሞ የእነሱ መዘምራን መዝሙር ነው፤ እሷ ራሷ የምትመራው። ደንበኛ ልክ እየተለካ ሳለ ይጮሃል፣ ባጃጅ ውስጥ ይጮሃል፣ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ጮኸብኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እያየኝ አንገቴን ወደ ኋላ አድርጌ ጠብታዬን አደረግኩ። ዛሬ መዝሙሩን ከነግጥሙ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

ሥጋዬ በቀላሉ እጅ አልሰጠም። በመስከረም እንደገና ሊዘጋው ተነሣ፤ ሐኪሟ እንደገና በመርፌዋ ተረተረችው። እኔም እንዳስተማረችኝ በጣቴ ከቆቡ በታች ቀስ አድርጌ ተጫንኩለት፤ ውኃው መንገዱን እንዳይረሳ። ከበደብን፣ ግን አልተውንም። ያኔ የተማሪ ዩኒፎርም ገበያ ደርሶ ሱቃችን በሰማያዊ ጨርቅ ተጥለቅልቋል። አንድ ጠዋት ባልደረባዬ ምንም ሳትለኝ መርፌና ክር አቀበለችኝ። በመጀመሪያው ሙከራ አሳለፍኩት። መልሼ አወጣሁትና ደግሜ አሳለፍኩት፤ እንደው ደስ ብሎኝ። የዚያን ቀን አርባ የቁልፍ ቀዳዳ ሠራሁ፤ አንዱም አልተጣመመም።

በኅዳር ሐኪሟ የመብራቱን ፈተና ደግማ ፈተነችኝ። ከግንቦት ወዲህ ቀኝ ዓይኔ ያጣው አንዳች ነገር የለም። እብጠቱ ለስልሶ ቆሟል፤ ጠባሳው ጠርዙን ይዞ ቀርቷል፣ መሐሉ ክፍት ነው። "አሸነፍን፣ እማማ" አለችኝ። ያን ቀን እማማ መባሉ ምንም አልከፋኝ። አቅፌ ሳምኳት፤ ሥራ አስፈታኋት። የበረታውን ጠብታ አቋርጣ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት የማደርጋት አንዲት የግፊት ጠብታ ብቻ ተወችልኝ። ሰፈር ስመለስ ቁስልሽ ዳነ ወይ ያለኝን ሁሉ "አልዳነም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እለው ነበር።

የዓቢይ ጾም ደረሰ፣ ስቅለት ሆነ። ከማለዳው ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በነጭ ነጠላ ሞልቷል። ሰዉ ሁሉ ይሰግዳል። ደጋግሞ መደፋት ለዓይኔ ስለማይሆን እኔ በንስሐ አባቴ ፈቃድ ቆሜ እጸልያለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ መዝሙሩ እዚያ ቢጮህ ኖሮ የሚሆነውን አስቡት። ጠርሙሴን አወጣሁ፣ ቀና አልኩ፣ አደረግኩ። ምሬቱ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ስግደታቸውን አቋርጠው ያዩኛል። አንዷ ለጓደኛዋ ሹክ ስትል ሰማኋትና መለስኩላት፤ መድኃኒት ነው፣ ጾም አይሽርም፣ ካላመንሽ ካህን ጠይቂ አልኳት። ትንሽ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ ክርኔን የነካኝ ሰው አለ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው። ለማየት ፊታቸውን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ከውስጡ የእኔኑ የመሰለ፣ ክዳኑም የእኔኑ የመሰለ ጠርሙስ አወጡ። ታሽጎ እንደመጣ ነው።

"ልጄ፣ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አላደረግኩትም። ሁሉ ነገር እየደበዘዘብኝ ነው። እስቲ ለእኔም አድርጊልኝ" አሉኝ።

ሃምሳ ምናምን ቀን። ጊዜ አላጠፋሁም። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አንገታቸውን ደግፌ ያዝኩ፣ ባልደረባዬ እንደምታደርገው ቆባቸውን በአውራ ጣቴ ገለጥኩ። በዚያች በአንዷ ዓይኔ አነጣጠርኩ። ጠብታዋ ሳትፈስ መሐል ላይ አረፈች። ሁለተኛውንም ዓይናቸውን አደረግኩላቸው። ትንሽ ቆዩና ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ።

"ይመራል" አሉኝ።

"ይዋጡት" አልኳቸው።